የሁለቱም እግር ልክ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ከዚያ እንደ ልማዴ አንዛዛዋለሁ። የአባባ እግር አልተቆረጠም። ሁለቱም እግሮቹ አሉ። እየደበቅንህ አይደለም። ይህችን መስመር ደግመህ አንብባት፤ ካልበቃህም ሠልሳትና ቀጥል።

እንደማታምን አውቃለሁ። እማዬ በስልክ «ቀዶ ጥገናው ተራዝሟል» ስትልህ ለምን ዝም እንዳልክ ገብቶኛል። በእኛ ቤት «ተራዝሟል» ማለት «ያለቀ ነገር ነው፣ አትጠይቅ» ማለት ነው። አያታችን ካረፈች በኋላ እንኳ «ትንሽ ደክሟታል፣ ተኝታለች» እየተባልክ የከረምክ ሰው ነህና ብትጠራጠር አይፈረድብህም። እማዬ ያን ካለችህ ወዲህ መርከባችሁ ወደብ በደረሰ ቁጥር ትደውላለህ፤ ስለ አየሩ ትጠይቃለህ፤ «አባባ ደህና ነው?» ትልና መልሱን ሳትሰማ «መስመሩ እየተቆራረጠ ነው» ብለህ ትዘጋለህ። ፎቶ ብንልክልህ «የድሮ ነው» ትላለህ። እናም ደብዳቤ ይሻላል አልኩ። እዚህ ላይ አንተ አታቋርጠኝም፣ እኔም አልጮህብህም።

ከሥሩ ልጀምርልህ፤ አንተ የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የሰማኸው።

ያቺን እሾህ ታስታውሳለህ አይደል? አባባ የኳስ ሜዳውን አጥር ሲያጸዳ በነጠላ ጫማው ዘልቃ ውስጥ እግሩን የወጋችውን። አንተ ያኔ ገና ቤት ነበርክ። በጥርሱ ስቦ ሊያወጣት ሲታገል ጀርባው እንቢ አለውና አንተ በወረንጦ ነቀልክለት። ደሙን በኖራ እጁ ጠረገና መስመር ማስመሩን ቀጠለ። «ሜዳ ያለ መስመር፣ ሰው ያለ ስም» ሲል ነበር። ማን እንዳስተማረው እንጃ፤ የራሱ ተረት ነው መሰለኝ።

እሾኋ ወጣች፣ ይዛው የገባችው ነገር ግን ቀረ። አንተ ከሄድክ በኋላ እግሩ ቀስ እያለ አበጠ። አያመውም፤ ክፋቱም ያ ነበር። የሚያምም ቢሆን ኖሮ ቀድሞ ሐኪም ዘንድ ይሄድ ነበር። ቆዳው ደንድኖ ሲነካ እንኳ አይሰማውም። በመጨረሻ እብጠቱ ትንንሽ ቀዳዳ ከፈተና ፈሳሽ ያወጣ ጀመር፤ ፈሳሹ ውስጥ ደግሞ አሸዋ የሚያክሉ ነጣ ያሉ ቢጫ ፍሬዎች አሉ። አባባ በጥጥ ይዞ አሳየኝና «ይኸው፣ እግሬ ዘር አወጣ። ዝናብ ሲጥል እንዘራዋለን» አለኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። የዚያኑ ዕለት ጎትቼ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ከእግሩ ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ ተመረመረ። መልሱ «ቅርንጫፍ ያለው ክር ታይቷል፤ ፈንገስ ነው» የሚል ሆነ። ከቁስሉ ተወስዶ ተሕዋስ ማሳደጊያ ምግብ ባለው የላብራቶሪ ሳህን ላይ የተቀባውም ሻጋታ አበቀለ። ሁለት ምስክር ቆመበት ማለት ነው፤ ማን ይከራከራል?

ለዚያ የታዘዘለትን ክኒን ያህል ሰው የሚያከሳ ነገር አይቼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ መቼም ሞተር ብቻ ስታይ የምትውል ሰው ይህን አትሰማም። ፈንገስ ከመሬት ስለሚበቅል ተክል ይመስልሃል። አይደለም። በዘር ከተቆጠረ ከጎመን ይልቅ ለአንተ ይቀርባል። ባክቴሪያ ሩቅ ባዳ ስለሆነ እሱን ገድሎ አንተን የሚተው መድኃኒት ሞልቷል። ዘመድህን የሚገድል መርዝ ግን አንተንም ሳይቆነጥጥ አያልፍም። አባባን ምግብ አስጠላው፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። እግሩ ግን ምንም አልተሻለው። ዓመት ሊሞላው ሲል ሐኪሙ አስቀመጡንና «ወደ አጥንት ከመዝለቁ በፊት ከጉልበት በታች መቁረጥ ነው። ካልሆነ በኋላ ከጉልበት በላይ ይሆናል» አሉን።

ያን ጊዜ ነው አንተ የደወልከው። እኔ «ትንሽ እንጠብቅ» ስል አንተ «አንድ ጥርሱ የተሰበረ ጊር ሌላውን ሁሉ ይበላል። እግሩን ቁረጡና ሰውየውን አትርፉ። አንቺ እዚያ ድንች ቤትሽ ድንችሽን መርምሪ» አልከኝ። እኔም የመለስኩልህን መለስኩልህ፤ እዚህ አልደግመውም። አባባ ግን አጠገቤ ሆኖ ሰምቶህ ነበር። ይህን አታውቅም። ስልኩን ስዘጋ «ልጄ ካለ ይቆረጥ። እሱ ብረት ያውቃል» አለ። ከዚያ በኋላ እኔ ብለፈልፍ ማን ይሰማኛል?

ቅር አይበልህ። በእጃችን ባለው መልስ ልክ ነበርክ። ሐኪሙም ልክ ነበሩ። ያኔ ተናደድኩብህ እንጂ የተሻለ ነገር ይዤ አልነበረም፤ የያዝኩት እንባ ብቻ ነበር። አንተ የላክኸው ክራንች በባልደረባህ እጅ ሲደርስ እማዬ በአንሶላ ጠቅልላ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ሸጎጠችው። አባባ በማግስቱ አገኘውና ኮሪደሩ ላይ ወዲህ ወዲያ ሲለማመድበት ደረስን። «ጥሩ ዕቃ ነው። ልጁ ርካሽ ነገር አይገዛም» አለ። እማዬ ወደ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች፤ ስታለቅስ እንዳይሰማባት እንደምታደርገው።

አሁን ወደ ድንች ቤቱ ልምጣልህ።

«ሻጋታ» ብለህ የሰየምከኝ አንተ ነህ፤ አልጋ ሥር ዳቦ አሻግቼ በማጉያ መነጽር ሳየው ይዘኸኝ። ይኸው ሻጋታህ ያንኑ ሥራ መተዳደሪያ አድርጋው፣ ዘር የሚሆን ድንች ለገበሬ ከመሄዱ በፊት በሽታ እንደሌለበት ስትመረምር ትውላለች። በእኛ ሥራ ከባዱ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ መለየት ነው። ስንዴ ላይ የሚወጣው ዋግ ፈንገስ ነው። ልጅ ሳለህ ራስህ ላይ ክብ ክብ እየሠራ ሰፈሩን ያሳቀብህ ጭርትም ፈንገስ ነው። ጎረቤታችን በሎሚ ስታሸው የኖረችው ቋቁቻም እንደዚያው። የድንችን ማሳ በጥቂት ቀን ዝናብ አጥቁሮ የሚያበሰብሰው ግን ለዘመናት ፈንገስ ሲባል ኖሮ፣ ሥጋ ዘመዶቹ አንተ ከመርከብህ ላይ የምታያቸው ቡናማ የባሕር ሣሮች ሆነው ተገኙ። መልክ ያታልላል። ለዚህ ነው እኛ ድንች ቤት አንድ ሕግ ያለው፦ የማታውቀውን ክር ከምታውቀው ክር ጎን በአንድ የማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ ሳታስቀምጥ ስም አታውጣለት። አዲስ የሚመጣ ሠራተኛ ሁሉ ይስቅብናል፤ ከዚያ አንድ ቀን ይሳሳትና መሳቁን ይተዋል።

ቀዶ ጥገናው ሰኞ ሊሆን ዓርብ ዕለት የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ኃላፊ ወደ እኛ መጣች። «ረጅሟ» እንላታለን፤ በራችንን ጎንበስ ሳትል አትገባም። ሻጋታ የሚያሳድጉበት ምግብ አልቆባቸው ልትበደር ነው። የድንች ቅቅል ውኃ፣ ስኳርና የሚያረጋ ዱቄት ነው፤ እኛ በማሰሮ እንሠራዋለን። የሰው ሻጋታም የቅጠል ሻጋታም ያንኑ ይበላል።

«ሰኞ ነው አሉ» አለችኝ ማሰሮውን እየተቀበለች። «የአባትሽን መስታወት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ምነው ሌላ ነገር ባየሁ ብዬ ነበር።»

«አንቺ ምን ታደርጊ» አልኳት። እጄ ላይ እከክ የያዘው ድንች ነበር፤ ልጡ ሻካራ፣ ቡሽ የመሰለ።

ወሬ ለመቀየር ብላ መሰለኝ «ይሄም ፈንገስ ነው?» አለች።

እኔም ለአዲስ ሠራተኛ እንደምደግመው ሳላስብ ደገምኩላት። «ይመስላል እንጂ አይደለም። ባክቴሪያ ነው። ግን እንደ ፈንገስ ክር ያወጣል፣ ቅርንጫፍ ይሠራል። የድሮ ሰዎች ከፈንገስ ጋር መድበውት ነበር። የሚለየው በቅጥነቱ ነው።»

ረጅሟ ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ምን ያህል ይቀጥናል?»

«ጎን ለጎን ካላየሽው አይገባሽም።»

«የአባትሽ ክር ቀጭን ነበር» አለች። ድምፅዋ እንደማነስ አለ። «ቀጭን ፈንገስ ነው ብዬ አለፍኩት። ሳህኑም ሻጋታ አብቅሎ ነበር።»

ወንድም ጋሼ፣ እኔ በየቀኑ ያን ድንች እየላጥኩ፣ አባቴ እግሩን ታሞ፣ አንድም ቀን ሁለቱን አንድ ላይ አላሰብኳቸውም። እሷም አላሰበችም። የእግር በሽታ ሆስፒታል ነው፣ የድንች በሽታ ድንች ቤት ነው፤ በመሀል ያለውን መንገድ ሰው እንጂ ሐሳብ አይሄድበትም። ማሰሮ ልትበደር ባትመጣ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ደብዳቤ ነበር።

ነጠብጣብ የያዘ የድንች ቅጠል በላስቲክ ይዤ አብሬያት ሄድኩ፤ እሱ የታወቀ፣ የተመሰከረለት ፈንገስ አለበት። የሆስፒታሉ ዘበኛ ላስቲኩን ከፍቶ «ለበሽተኛ ምግብ ማስገባት አሁን አይቻልም» አለኝ። «በሽተኛው እሱ ራሱ ነው» አልኩት። ቅጠሉንም እኔንም ተራ በተራ አየና አሳለፈኝ።

አባባ ለሰኞው አስቀድሞ ገብቶ ተኝቶ ነበር። ረጅሟ ከእግሩ አዲስ ፍሬ ጨምቃ ስትወስድ «ከድንች ጋር ልታወዳድሩኝ ነው?» አለ። «አዎ» አልኩት። «ይሁን፤ ብቻ ድንቹ እንዳያፍር» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቀልዱ አፉ ላይ እንጂ ዓይኑ ውስጥ እንዳልነበረ አይቻለሁ።

በአንድ መስታወት ላይ፣ በግራ የቅጠሉን ሻጋታ፣ በቀኝ የአባባን ፍሬ ጨፍልቀን አስቀመጥን። መጀመሪያ እሷ አየች። ከዚያ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። ግራው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ወፍራም ነው፤ በየመሀሉ እንደ ቀርከሃ አንጓ አለው። ቀኙ ደግሞ የሸረሪት ድር። ቅርንጫፉ ቅርንጫፍ ነው፣ ክሩም ክር ነው፣ ግን ለዚያ ገመድ ልጁም አይሆንም። ረጅሟ «አንድ ነገር ይቀረናል፣ አትደሰቺ» አለችና የሳንባ ነቀርሳ ለመመርመር የሚጠቀሙበትን ቀይ ቀለም አምጥታ ቀባችው፤ ከዚያ ለዘብ ባለ አሲድ አጠበችው። የቅጠሉ ፈንገስ ቀዩን ለቀቀ። የአባባ ክር ቀይ እንደሆነ ቀረ፤ ባክቴሪያ ነው ማለት ነው። ሳህኑ ላይ በቅሎ የነበረው ሻጋታ የአየር እንግዳ ነበር፤ ክፍት ሳህን ያገኘ ብናኝ ገብቶ ቤተኛ መሰለ። እኛም ድንች ቤት በየሳምንቱ ያጋጥማል።

ሐኪሙን ከምሳ አስነሳናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እስኪሰለቸን ድረስ አዩ። ቀና ሲሉ ረጅሟ «ስህተቱ የእኔ ነው» ብላ ጀመረች። እሳቸውም «እኔም አንድ ዓመት ክኒን ስሰጥ ለምን አልተሻለውም ብዬ ደግሜ አላስመረመርኩም። ስለ ስህተቱ ሁላችንም በኋላ እንነጋገራለን፤ አሁን እግሩን እንየው» አሉ። ቃል አልገቡልንም። «ባክቴሪያ ከሆነ መድኃኒት አለው፤ መርፌና ክኒን፣ ለወራት። አጥንቱ ብዙ አልተነካም። እንሞክር» ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ደወሉና «ሰኞ ጠዋት ክፍት ቦታ አለ፤ ለሌላ ሰው ስጡት» አሉ።

እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ዘበኛው መጥቶ «በሽተኛሽ ሞተ?» አለኝ፤ ቅጠሉን ማለቱ ነው። እያለቀስኩ ሳቅሁ። ያን የመሰለ ሳቅ ስቄ አላውቅም።

ለምን ያኔውኑ አልነገራችሁኝም ትላለህ። እማዬ «ተራዝሟል» ያለችህ እውነቱን ነበር፤ ከዚያ በላይ እንዳትናገር የከለከላት አባባ ነው። «ልጁን አንዴ አስለቅሰነዋል። ደግሞ ተስፋ ሰጥተን ብንቀማው ነውር ነው። እግሩ የእኔ መሆኑ ሲረጋገጥ ይነገረው» አለ። እኔም ፈርቼ ነበር። መርፌው በተጀመረ ሰሞን በየማለዳው ፋሻውን ፈትቼ ፍሬውን እቆጥር ነበር። መጀመሪያ ፍሬው ቀረ። ቀጥሎ ቀዳዳዎቹ ተራ በተራ ደረቁ። አንድ ቀን አባባ «ምን አለ የሚበላ?» ብሎ ጠየቀ፤ እማዬ መጥበሻውን እንደያዘች ከወጥ ቤት ሮጣ ወጣች። ይህን ጥያቄ ከሰማች ቆይታለች። አሁን ቀበቶው ወደ ድሮ ቀዳዳው ተመልሷል፤ በምስማር የበሳውን ለማንም እንደ ሜዳልያ ያሳያል።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ እግሩን አገላብጠው አዩና «አባቴ፣ ይህ እግር የርስዎ ነው። ይዘውት ይሂዱ» አሉት። አባባ «ላልተወው ነው ያመጣሁት» አላቸው። እየተመላለስን እናስመረምረዋለን፤ ትንሽም ያነክሳል። ግን በእግሩ ነው የሚያነክሰው።

ክራንቾችህንም ልንገርህ። እንዳይከፋህ፤ ሥራ ላይ ናቸው። ሜዳው ላይ በሁለት ማዕዘን ተተክለው ቀይ ጨርቅ ታስሮባቸዋል። አባባ የማዕዘን ምት የሚመታ ሁሉ «እግሬን እንዳትነካ» እየተባለ እንዲያልፍ አድርጓል፤ ክራንቹን «እግሬ» ነው የሚለው። ሁለት ማዕዘን ግን ባዶ ቀርቷል።

ስለ አንተ ምን እንዳለም ስማ፣ ይህን ልነግርህ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። «ልጁ አቻኮለህ፣ አልተቀየምከውም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሰው የሚወደውን ሊያጣ ሲል ይቸኩላል። ያቺን እሾህስ በወረንጦ የነቀለልኝ ማን ሆነና?» አለኝ። ከዚያ ኖራውን ማማሰል ቀጠለ። እኔም ከአንተ ጋር የነበረኝን እዚያው ጣልኩት። አንተም ጣለው። አባባን በአንድ እግር አየዋለሁ ብለህ ከሆነ የቀረኸው፣ ምክንያትህ አልቋል።

ከዚህ ጋር የታጠፈ ወረቀት ታገኛለህ። የአባባ እግር ልክ ነው፤ የሁለቱም። ትናንት ወረቀቱ ላይ ቆሞ እኔ ጎንበስ ብዬ በእርሳስ ዞርኩት። «ጫማ ያምጣልኝ በይው» አለ። «ክራንቹን በሰው ላከ፣ እሺ። ጫማውን ግን በሰው እንዳይልከው። ራሱ ይዞት ይምጣና ራሱ ያልካኝ።» የቀኙ ከግራው ሰፋ ይላል፤ ለእሱ የሚሆን ፈልግ።

የቀኙ መስመር መሀል ላይ ተዛብቷል፤ እርሳሱ ወደ ውጭ ሸርተት ብሏል። እጄ ተንቀጥቅጦ አይደለም። እርሳሱ ውስጥ እግሩን ሲነካው ኮረኮረውና ሳቀ፤ እግሩንም ሳበብኝ።

ያንተው ሻጋታ